አምበሉ ጂሚ ስፒርስ

ስሙኝማ ወገኖቼ። የማወጋችሁ ነገር የሆነው ዳግማዊ ምኒልክ ታመው አልጋ በያዙበት፣ አገሩ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት ዘመን ነው፤ ቦታው ግን ከዚህ ሩቅ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ካፊያና ጭጋግ የማይለየው የስኮትላንድ አገር። ባለታሪኩ ኳስ ተጫውቶ የሚያድር ሠራተኛ ነው። ሙሉ ስሙ ጄምስ ሃሚልተን ስፒርስ ሲሆን የሚያውቁት ጂሚ ይሉታል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የእንግሊዝን ኳስ ለማየት ቴሌቪዥን ፊት የምትሰበሰቡ ሁሉ፣ እናንተ ከመወለዳችሁ አስቀድሞ በዚያው አገር ሜዳ ላይ የሮጠ ሰው ታሪክ ነውና ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ አትቸኩሉብኝ። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ የእኛው ቆጠራ ሲያስፈልግ እሱንም እጨምራለሁ።

ጂሚ የተወለደው ማርች 22 ቀን 1886 በግላስጎ ከተማ በስተደቡብ፣ ጎቫንሂል በተባለ ሰፈር ነው። በዚያ አቅራቢያ ትልቅ የብረት ማቅለጫ ነበረ፤ እሳቱ ሌት ተቀን ስለማይጠፋ የሌሊቱ ሰማይ ቀልቶ ያድራል፣ የሰፈሩም ልጆች በዚያ ብርሃን ይተኛሉ፣ ጎህ ሳይቀድ አባቶች ወደ ሥራ ይወጣሉ፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ኳስ ያሳድዳሉ፣ ቢዘንብም ወደ ቤት አይገቡም፤ ግላስጎ ላይ ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቅ ልጅ ኳስ ሳይነካ ያድጋልና። ከዚያም ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ከተማው ግልብጥ ብሎ ወደ ሜዳ ይጎርፋል። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ትልልቅ የሚባሉት የኳስ ሜዳዎች፣ ሃምፕደን ፓርክ፣ አይብሮክስና ሴልቲክ ፓርክ፣ ሦስቱም ግላስጎ ውስጥ ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንግሊዞቹ ጨዋታውን ሲጀምሩት ኳስ የያዘ ሰው እስኪነጠቅ ድረስ ብቻውን አንገቱን ደፍቶ ይሮጥ ነበር። ኳስን ለባልንጀራ ማቀበልን ያስለመዱት ስኮትላንዶቹ ናቸው፤ አንዱ ይሰጣል፣ ከዚያም ሮጦ ክፍት ቦታ ይይዛል፣ ከዚያም መልሶ ይቀበላል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ከራሳቸው በጉልበት የሚበልጠውን ቡድን ያደክሙታል። የእንግሊዝ ክለቦች ይህን ባዩ ጊዜ ሰው ወደ ሰሜን እየላኩ ስኮትላንዳዊ ተጫዋች መሰብሰብ ጀመሩ፣ "ፕሮፌሰሮች" ብለውም ጠሯቸው። ዛሬ በየሜዳው የምታደንቁት ቅብብል ሥሩ እዚያ ነው፣ ባለውለታዎቹም የፋብሪካ ሠፈር ልጆች ናቸው፤ ይህን ማንም እንዲረሳው አልወድም።

ጂሚ አናንዴል በሚባል ቡድን ጀመረ፣ ከዚያም ወደ ማሪሂል ሄደ፣ ከዚያም በ1905 ታላቁ ሬንጀርስ ወሰደው። የሬንጀርስ ሜዳ አይብሮክስ ያን ጊዜ ገና ሐዘኑ አልወጣለትም ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኤፕሪል 1902፣ ስኮትላንድና እንግሊዝ ሲጫወቱ ሕዝብ የቆመበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ 25 ሰው ሞቶበታል። ከዚያ ወዲያ እንጨቱ ቀርቶ ሕዝቡ በአፈር ክምር ላይ እንዲቆም ተደረገ፣ ጂሚም በዚህ ሜዳ ላይ ሦስት ዓመት ተጫወተ። ቦታው ከመሃል አጥቂው ጎን፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ ያቀብላል፣ ሲመቸውም ራሱ ያገባል። በ1906 ትዳር ያዘ፣ ከዚያም በማርች 1908 ለአገሩ ተጠራ፣ ደንዲ ከተማ ላይ ዌልስን ገጥመው 2 ለ 1 አሸነፉ። በዚያ አገር ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ ሰው ቆብ ይሸለማል። ጂሚ አንድ ጊዜ ተሸለመ፣ ሁለተኛ የጠራው ግን የለም፤ ይህ ነገር ዛሬም ድረስ ቅር ይለኛል። ከዚያም ለአንድ የውድድር ዘመን ያህል ክላይድ ለተባለው ለሌላው የግላስጎ ክለብ ተጫወተ፣ በ1909 ደግሞ ከእንግሊዝ አገር፣ ከብራድፎርድ ሲቲ ጥሪ መጣለት።

እንግዲህ ጓዝ ተጠቀለለ። በዚያ ዘመን ከግላስጎ ወደ ብራድፎርድ አካባቢ የሚወስደው የባቡር መንገድ ድንበሩን ተሻግሮ ካርላይል ይደርሳል፣ ከዚያም ዛፍ የማይታይበትን፣ በጎችና የድንጋይ ካብ ብቻ ያሉበትን ነፋሻማ ተራራ ይወጣል፣ ከዚያም ሪብልሄድ ላይ 24 ቅስት ባለው ረጅም ድልድይ ሸለቆውን ይሻገራል፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ዮርክሻየር ይወርዳል፣ አረንጓዴውም እየሳሳ ጭስ ማውጫው እየበዛ ይሄዳል። ብራድፎርድ የሱፍ ከተማ ነበረች። በግ ከሚረባበት ከሩቅ አገር ሁሉ ሱፍ እየመጣ በዚያ ይፈተላል፣ ይሸመናል፤ ሕንፃው ሁሉ ከጭሱ የተነሳ ጠቁሯል። ቫሊ ፓሬድ የተባለው የክለቡ ሜዳ ቁልቁለት ላይ ነው ያረፈው፣ ከበላዩ ማኒንግሃም በተባለው ሰፈር የሊስተር ፋብሪካ ትልቅ ጭስ ማውጫ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል።

የክለቡም አነሳስ ቢሰማ ደግ ነው። ያ አገር የራግቢ አገር ነበር። ማኒንግሃም የሚባለው የራግቢ ክለብ በ1903 ራግቢውን ትቶ ወደ እግር ኳስ ዞረ፣ የሊጉም አለቆች ኳስን በዚያ አገር መትከል ስለፈለጉ ገና አንድ ጨዋታ ሳያደርግ፣ ቡድኑ እንኳ ሳይሟላ፣ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን አስገቡት። በአምስት ዓመቱ፣ በ1908፣ ወደ አንደኛው ወጣ። አሰልጣኙ ፒተር ኦሩርክ ራሱ ስኮትላንዳዊ ነበርና ዓይኑ ወደ አገሩ ልጆች አዘነበለ፣ ጂሚንም አመጣ፣ ከዚያም አምበል አደረገው።

ስለ ገንዘቡም ልንገራችሁ። በእንግሊዝ የአንድ ተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ በሳምንት 4 ፓውንድ ነበር፣ በ1910 ወደ 5 ከፍ አለ፤ የቱንም ያህል ሕዝብ ሜዳውን ቢሞላ፣ የቱንም ያህል ግብ ቢያገባ ከዚያ አያልፍም። ከፋብሪካ ሠራተኛ ይሻላል፣ እውነት ነው። ዳሩ ግን ክለቡ ካልለቀቀው በቀር ተጫዋቹ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም፣ ሲሸጥም ዋጋው ለክለቡ ነው። ጉልበቱ የሌላ፣ ላቡ የራሱ፤ የዘመኑ ኳስ ተጫዋች ኑሮ ይህ ነበር።

አሁን ወደ 1911 ገባን። ብራድፎርድ ሲቲ በዚያ ዓመት በሊጉ አምስተኛ ወጣ፣ ከዚያ ከፍ ያለ ደረጃ እስከ ዛሬ አላገኘም። በእንግሊዝ ዋንጫ ደግሞ አንዱን በአንድ ለባዶ፣ ሌላውን በሁለት ለአንድ እያለ ወደ ፊት ገፋ። ማርች 11 ቀን በርንሊ ወደ ቫሊ ፓሬድ ሲመጣ 39,146 ሰው ገባ፤ የዚያ ሜዳ ትልቁ የሕዝብ ቁጥር እስከ ዛሬም ያ ነው። በርንሊ ተሸነፈ፣ ከዚያም በግማሽ ፍጻሜው ብላክበርን 3 ለ 0 ተሸነፈ፣ ከዚያም የሱፍ ከተማ ሰዎች ኤፕሪል 22 ቀን በባቡር ተጭነው ለንደን ወረዱ፤ ብዙዎቹ ያን ከተማ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማየታቸው ሳይሆን አይቀርም።

ተጋጣሚው ኒውካስል ነው። ኒውካስልን በዚያ ዘመን የሚያህል አልነበረም፤ በ1905፣ በ1907ና በ1909 ሊጉን ወስዷል፣ ዋንጫውንም ባለፈው ዓመት በልቶ አሁን ሊያስጠብቅ ነው የመጣው። ፍጻሜው የሚደረግበት ክሪስታል ፓላስ ግን አልቀናውም፤ እዚያ ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በዚያም ቀን ያው ሆነ፣ 90 ደቂቃ ተጫውተው ባዶ ለባዶ ወጡ። እንግዲህ ጨዋታው ማንቸስተር ላይ፣ በኦልድ ትራፎርድ፣ ረቡዕ ኤፕሪል 26 ቀን ይደገም ተባለ። በእኛ ቆጠራ ሚያዝያ 18 ቀን 1903 መሆኑ ነው፤ እኛ ዘንድ የፋሲካ ሳምንት ነበር።

ዋንጫውም ራሱ ታሪክ አለው፣ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። የመጀመሪያው ዋንጫ በ1895 በርሚንግሃም ውስጥ ከአንድ ሱቅ መስኮት ተሰርቆ ጠፍቷል። በእሱ ምትክ የተሠራውም በ1911 ከውድድሩ ወጣ፣ ሦስተኛ፣ አዲስ ዋንጫ ይሠራ ተባለ፣ ከቀረቡት ንድፎች ሁሉ የተመረጠው የፋቶሪኒ ቤት ንድፍ ሆነ። ፋቶሪኒዎች ደግሞ የት ያሉ ብር ሠሪዎች ይመስሏችኋል? የብራድፎርድ። ያ ብር ተሠርቶ ወደ ለንደን ሲሄድ ተመልሶ ወደ ተሠራበት ከተማ ይገባል ብሎ ያሰበ ካለ ደፋር ሰው ነው።

ረቡዕ ደረሰ። ከምሥራቅ ከብራድፎርድ ተራራውን ተሻግረው፣ ሥራቸውን ጥለው፣ ከሰሜን ከኒውካስልም ብዙ መንገድ ተጉዘው ሰዎች መጡ፣ ወደ 58 ሺህ ሰው ሜዳውን ሞላው። የብራድፎርድ ልጆች ቀይ ዳማና ብርቱካናማ መለያቸውን ለብሰው ወጡ፤ ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ስኮትላንዳውያን ናቸው። አሰልጣኙ አንድ ለውጥ ብቻ አድርጓል፤ በመሃል ተከላካይ ቦታ ቦብ ቶራንስ የተባለውን፣ እሱም ያው ስኮትላንዳዊ፣ አስገብቶታል። ከዚያም ፊሽካ ተነፋ፣ ከዚያም ገና 15 ደቂቃ ሲሆን ኳስ ወደ ኒውካስል ግብ ተላከች፣ አጥቂው ፍራንክ ኦሩርክ ከተከላካዮቹ ጋር ሲተሻሽ አምበሉ ጂሚ ደርሶ በግንባሩ ገጫት። ግብ ጠባቂው ሎውረንስ ሳይደርስባት ኳሷ መስመሩን አለፈች። በቃ፣ ይኸው ነው ግቡ። ከሩቅ ተጠልዞ መረብ የቀደደ ግብ አይደለም፤ ሰው በሚተራመስበት ቦታ፣ በሰዓቱ የተገኘ ሰው ያገባው ግብ ነው።

ከዚያ በኋላ 75 ደቂቃ መጠበቅ ነበረ። ኒውካስል መጣ፣ ደግሞ መጣ፣ ደግሞ መጣ። ቶራንስ ግን ከፊቱ የመጣውን ሁሉ በግንባሩም በእግሩም እየመለሰ ቆመ፤ የዚያን ቀን ሜዳው ላይ እሱን የሚበልጥ አልነበረም ይባላል። በመጨረሻ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ አንድ ለባዶ ሆነ፣ ጂሚ ስፒርስም ወጥቶ ዋንጫውን ተቀበለ። በአዲሱ ዋንጫ ላይ የመጀመሪያ ሆኖ የተቀረጸው የብራድፎርድ ስም ነው። ያን ምሽት ባቡሩ ተጫዋቾቹን ይዞ ወደ ብራድፎርድ ሲገባ ሕዝቡ ጣቢያውንና መንገዱን ዘግቶ ጠበቃቸው። በዘመናቸው ሁሉ የሰውን ሱፍ ሲፈትሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የዚያን ሌሊት አንድ የራሳቸው የሆነ ነገር አገኙ።

ከዚያ ያለውን ቶሎ ልለፈው። በዲሴምበር 1912 ጎረቤት ያለው ሊድስ ሲቲ 1,400 ፓውንድ ከፍሎ ጂሚን ገዛው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። አሰልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ነበር፣ ኋላ ሀደርስፊልድንና አርሰናልን ያነገሠው ያ ቻፕማን። በ1914 የጸደይ ወቅት ሊድስ ሲቲ በሁለት ነጥብ ብቻ ተበልጦ ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ሳይወጣ ቀረ። የሚቀጥለው ዓመት ይሻላል ተባለ። የሚቀጥለው ዓመት ግን ጦርነት ይዞ መጣ።

ጦርነቱ በኦገስት 1914 ሲጀመር ኳሱ ወዲያው አልቆመም፣ እስከ 1915 ጸደይ ድረስ ቀጠለ፣ በጋዜጣው ሁሉ ተጫዋቾቹ ተሰደቡ፤ ሌላው ሲሞት እናንተ በቁምጣ ትሮጣላችሁ ተባሉ። ኤደንብራ ላይ የሃርትስ ተጫዋቾች ሊጉን እየመሩ ሳለ በአንድነት ተነሥተው ዘመቱ። ሊጉ ሲዘጋ ጂሚ ወደ ግላስጎ ተመለሰ። ዕድሜው 29 ነው፣ ሚስት አለችው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ማንንም በግድ የሚያዘምት ሕግ አልነበረም፤ ያ ሕግ የወጣው በ1916 ነው። ሜይ 17 ቀን 1915 ሄዶ ተመዘገበ፣ የተራራ ልጆች በሚባሉት፣ ኪልት የሚሉትን የወንድ ቀሚስ ለብሰው በሚዘምቱት በካሜሮን ሃይላንደርስ ሬጅመንት ውስጥ ተራ ወታደር ሆነ።

ወገኖቼ፣ እኔ ያን ጦርነት አላወድስም። ንጉሦች ተጣልተው ሸማኔና ብረት አቅላጩ ያለቀበት ጦርነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በሕይወቱ ሁሉ የት እንደሚጫወት ሲወስኑለት የኖረ ነው፣ ከክለብ ወደ ክለብ በዋጋ የተላለፈ ነው። መዝመቱን ግን ራሱ ወሰነ፣ ጎረቤቶቹ ሲሄዱ አልቀርም አለ። ብታዝኑበትም አክብሩት፤ እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

በፈረንሳይ ምድር፣ አራስ በተባለው ግንባር፣ በሜይ 1917 ለፈጸመው ጀግንነት ሚሊተሪ ሜዳል ተሸለመ። ማዕረጉም ከአሥር አለቃ ወደ ሃምሳ አለቃ አደገ፤ ደግሞ አምበል ሆነ ማለት ነው። ከዚያም ከጓዶቹ ጋር ወደ ቤልጂየም፣ ወደ ኢፕር ተዛወረ። ጁላይ 31 ቀን ፓሸንዴል የሚሉት ትልቁ ውጊያ ተጀመረ፣ በዚያው ቀን ማታ ዝናብ ጀመረ፣ ከዚያም ሳምንታት ዘነበ። ያ አገር ዝቅተኛ ሜዳ ነው፣ ውኃው የሚሄድበት ቦይ ሁሉ በመድፍ ፈርሷል፣ ስለዚህ መሬቱ ጭቃ ሆነ፣ መድፉ የቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ ውኃ ሞላ፣ ሰውም ፈረስም እየሰጠመ ቀረ። እኛ ዘንድም ክረምት ነበር፣ ነሐሴ 14 ቀን 1909፣ የፍልሰታ ጾም፤ ኦገስት 20 ቀን መሆኑ ነው። ሃምሳ አለቃ ጂሚ ስፒርስ ከሰዎቹ ጋር ወደ ፊት ሲገፋ ጥይት ጭኑን መታው፣ እየዳኸም መድፍ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት ያየው የለም። ግላስጎ ለሚስቱ የደረሳት ወሬ ቆስሏል፣ የገባበትም አልታወቀም የሚል ነበር። ሞቷል የሚል ወረቀት የደረሳት ሴት ታለቅሳለች፣ ከዚያም ሐዘኗን ትቀመጣለች። አልታወቀም የተባለችው ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሣለች።

በብራድፎርድም በሊድስም አብሮት የተጫወተው መምህሩ ኤቭሊን ሊንቶት ከእሱ ቀድሞ፣ በሶም ውጊያ የመጀመሪያ ቀን፣ ጁላይ 1 ቀን 1916 ወድቋል። ያ ረቡዕ ዕለት ግቡን ሲጠብቅ የዋለው ቦብ ቶራንስም በኤፕሪል 1918 ሞተ። ሊድስ ሲቲ ራሱ በ1919 ከሊጉ ተባረረ፣ በጦርነቱ ጊዜ ለተጫዋቾች የተከለከለ ገንዘብ ከፍለሃል ተብሎ፤ ተጫዋቾቹም በአንድ ሆቴል አዳራሽ በጨረታ ተሸጡ። ከጦርነቱ በኋላ የጂሚ አስከሬን ተገኝቶ ዶቺ ፋርም በተባለው የወታደሮች መካነ መቃብር አረፈ። በዚያ ከ1,400 በላይ ሰዎች ተቀብረዋል፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስማቸው አይታወቅም፤ የእሱ ስም ግን በድንጋዩ ላይ አለ። ብራድፎርድ ሲቲም ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ ደግሞ አላገኘም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው።

በቤልጂየም፣ በሆላንድም ሆነ በሰሜን ፈረንሳይ የምትኖሩ ወገኖች፣ መቃብሩ ከዞነቤክ ወደ ላንገማርክ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፣ ከኢፕር ብዙም አይርቅም። ኳስ የሚወዱ ልጆች ካሏችሁ አንድ ቅዳሜ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ስሙንም ፈልጉና የዋንጫውን ግብ ማን እንዳገባው ንገሯቸው።